ጥርጣሬን የሰረዘው ሰው

የበደለኝ ሰው ዳዊት ይባላል። የበደለኝም ከሚሌኒየሙ በኋላ፣ መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት ጊዜ፣ ወሰን ሰፈር በነበረው ቢሯችን፣ በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ባለፈው ወር ሞተ። የነገረኝ ጀማል ነው። ጀማል አብሮን ይሠራ የነበረ የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ ነው፤ ለብዙ ዓመት ደውሎልኝ አያውቅም።

"እትዬ ሮማን፣ ዳዊት አረፈ" አለኝ።

"መቼ?"

"ትናንት። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነው። መኪና አለኝ፤ መጥቼ ልውሰድሽ?"

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩት።

"ያጽናችሁ ነው እንዴ የሚባለው? ያጽናን አይባልም?"

"ያጽናችሁ ነው ያልኩት።"

ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም። የተገኙት ግን የተባለውን ሁሉ አደረሱልኝ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ፣ አገራችን ውስጥ ማንም ያልሞከረውን የዲስክ ቅርጽ በራሱ እጅ የቀረጸ ኢንጂነር ተብሎ ተነበበ አሉ። ለቀስተኛውም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ አሉ። በለቅሶ ላይ ስለሟች ደግ ደጉ እንደሚነገር አውቃለሁ። ግን ያ ቅርጽ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ የማውቅ ሰው ገና በሕይወት አለሁ። ስለዚህ ዳዊትን እኔ እንደማውቀው እጽፈዋለሁ። የማልረሳው ሰው ነው። ልርሳው ብዬ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ስለራሴ ብዙ አልናገርም። በደርግ ጊዜ ውጭ አገር ተልኬ ኮምፒዩተር ተማርኩ፤ ተመልሼ አንድ ክፍል የሚሞላ ማሽን ላይ ሠራሁ፤ መንግሥት ሲለወጥ አዲስ መዋቅር መጣና "ትርፍ ሠራተኛ" ከተባሉት አንዷ ሆንኩ። የቀረው የቤቴ ጉዳይ ነው። ዳዊት ሲያገኘኝ መገናኛ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ማሠልጠኛ ውስጥ ለወጣቶች ታይፕ አስተምር ነበር።

የመጣው ወረቀት ሊያሳትም ነው። በዕድሜ ከእኔ በጣም ያነሰ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። ሲያስብ ጣቶቹን ያጮሃል፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። የሚፈልገውን ሲያገኝ ያቆማል። ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሶ ስታገል ቆሞ ጠበቀ። ከጎኔ አንዲት ተማሪ የጻፈችውን ሳታስቀምጥ መብራት ሄዶባት ታለቅሳለች። "ማሽኑ አልከዳሽም" አልኳት፤ "ሳትነግሪው የሚያውቅ መስሎሽ ነው። ሁልጊዜ አሁን ይጠፋል ብለሽ ሥሪ።"

ዳዊት ይህን ሰማ።

"የት ነው የተማርሽው?" አለኝ።

"ለምን ፈለግከው?"

"ሰው እፈልጋለሁ።"

"ወጣት ፈልግ።"

"ወጣትማ ሞልቶኛል። ሁሉም ይሠራል ብለው ነው የሚያምኑት። ይበላሻል ብሎ የሚያምን ሰው ነው ያጣሁት።" ጣቶቹን አጮኸ። "ሰኞ ነይ።"

ሰኞ ሄድኩ። ይህን ውለታ አልክድም። ያኔ በኔ ዕድሜ ላለች ሴት የኮምፒዩተር ሥራ የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ እሱ ሰጠኝ። ከሱ በኋላ የሆነውን ሳስብ ግን ያ ሰኞ ራሱ ያናድደኛል።

ቢሯችን ከአንድ ጋራዥ በላይ ነበር። ከታች ላሜራ ሲቀጠቅጡ ይውላሉ፣ ከላይ እኛ እንጽፋለን። ስልክ ሲመጣ መስኮት ዘግተን ነው የምናወራው። ደንበኞቻችን ክሊኒኮች፣ ትምህርት ቤቶች፣ አንዳንድ ትንንሽ ፋብሪካዎች ነበሩ። ሥራቸው ሁሉ ያለበት ዋና ኮምፒዩተራቸው መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይቃጠላል። ዳዊት ያመጣው መላ ጥሩ ነበር፤ ጥሩውን ጥሩ እላለሁ። የደንበኛውን ኮምፒዩተር ከነፕሮግራሙ ከነመረጃው አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ እናስገባዋለን። ማሽኑ ቢቃጠል ጀማል ሌላ ማሽን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ፋይሉን እዚያ ይከፍታል፣ ደንበኛው ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ፋይል ቨርቹዋል ዲስክ ይባላል።

ችግሩ ቅጂው ነበር። ፋይሉ ከማሽኑ ጋር አብሮ ከተቃጠለ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ በየቀኑ ቅጂ ተወስዶ ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት። ኢንተርኔቱ በዚያን ጊዜ ለኢሜይልም አይበቃም ነበር። ጀማል ተንቀሳቃሽ ዲስኮች በቦርሳ ይዞ ከደንበኛ ደንበኛ ይዞራል፤ ከዚያ ታክሲ ቀያይሮ፣ የመጨረሻውን ዳገት በእግሩ ወጥቶ፣ ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ መሃል ወዳለው ወደ ዳዊት እናት ግቢ ያደርሰዋል። እዚያ አንድ ክፍል ነበረን። ሙሉውን ፋይል መቅዳት ግን መብራቱ ከሚቆይበት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ገና ግማሽ ላይ ሳለ ጨለማ ይሆናል።

"የተለወጠውን ብቻ ነው መቅዳት ያለብን" አልኩ አንድ ቀን። "ትናንት የቀዳነውን ዛሬ መልሰን የምንቀዳው ለምንድነው?"

"የተለወጠውን በምን ታውቂያለሽ?" አለኝ ዳዊት።

ሰሌዳው ላይ ሳልኩለት። ዲስኩን እኩል እኩል ቁራጭ አድርጌ ከፋፈልኩት። ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ነጠብጣብ ሰጠሁት። ቁራጩ ላይ አንድ ነገር ሲጻፍ ነጠብጣቡ ይጠቁራል። ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም የጠቆሩትን ብቻ ቀድቶ ነጠብጣቡን ሁሉ መልሶ ያነጣል። በሙያው ስሙ ቢትማፕ ነው፤ እኛ ቤት ግን ነጠብጣብ ብለን ቀረን።

ሐሳቡ በዓለም ላይ ያልነበረ አይደለም። እኛ የምናውቃቸው ፕሮግራሞች ግን ነጠብጣቡን በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ ነው የሚይዙት፤ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ማሽን ጠፍቶ የማያውቅበት አገር ላለ ሰው ይህ ምንም አይደለም። የኛ ማሽኖች በየቀኑ ይጠፋሉ። ስለዚህ ነጠብጣቡ ከዲስኩ ሳይለይ እዚያው ፋይል ውስጥ የሚኖርበት አዲስ ቅርጽ ያስፈልገን ነበር። ያንን ቅርጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ነጠብጣቡ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ነገ ሌላ ነገር ቢጨመርበት የቆየው ፕሮግራም ሳይደናገር እንዴት እንደሚያልፈው፣ ሁሉንም ከላሜራው ጩኸት በላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ያሰብኩት እኔ ነኝ።

ዳዊት ጠዋት ጠዋት እየመጣ ሰሌዳውን ያያል፣ ይጠይቃል። ጥያቄ ያውቅበታል። ሰሌዳውን የሚያጠፋው በመዳፉ ስለነበር እጁ ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ይውላል። በዚያው እጁ ደንበኛ ይጨብጣል። ከኛ ቢሮ የወጣ ሰው በመዳፉ ይታወቅ ነበር።

ከሁሉ የለፋሁበት ግን አንድ ትንሽ ምልክት ነው። ማሽኑ ሥራ ላይ ሳለ ነጠብጣቡ የሚጠቁረው በሜሞሪ ውስጥ ነው፤ ወደ ፋይሉ የሚገባው ማሽኑ በሥርዓት ሲዘጋ ነው። መብራት በድንገት ከሄደስ? ዲስኩ ላይ የቀኑ ሥራ አለ፣ ነጠብጣቡ ግን የጠዋቱ ነው። ነጠብጣቡ ይዋሻል ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሲከፈት ከሁሉ በፊት ፋይሉ ላይ "ይህን ነጠብጣብ አትመኑ" የሚል ምልክት ያነሳል። በሥርዓት ሲዘጋ መጀመሪያ ነጠብጣቡን ይጽፋል፣ ከዚያ ምልክቱን ያወርዳል። ምልክቱ እንደተነሳ የተገኘ ፋይል መብራት በድንገት የሄደበት ነው፤ እሱ በነጠብጣብ አይቀዳም፣ ሙሉው ይቀዳል። ጊዜ ይፈጃል፣ ያሰለቻል፣ ግን አይዋሽም።

ለምልክቱ "ጥርጣሬ" የሚል ስም ያወጣለት ዳዊት ነው።

"እትዬ ሮማን የራሷን ጠባይ ፋይል ውስጥ ከተተችው" ብሎ ቢሮውን አሳቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽን ቆልፈሽ ስንቴ ነው እየተመለስሽ የምታዪው?"

"እስኪቆለፍ።"

ጀማል የሚጠጣው ሻይ በአፍንጫው ወጣ።

እናቴ በሞተች ጊዜ ድንኳኑን ያስተከለው ዳዊት ነው። ሦስቱንም ቀን ወንበር ሲያመላልስ ውሏል። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ለቅሷችን መዝሙር ይበዛዋል። እሱ ግራ ገብቶት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "እትዬ፣ አሁን ይለቀሳል ወይስ ይጨበጨባል?" አለኝ። የእናቴ አስከሬን ገና ከቤት ሳይወጣ አሳቀኝ። ይህን የምጽፈው ሚዛኑን ለማስተካከል ብዬ አይደለም። ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ እረሳው ነበር።

የመጀመሪያውን በደል የበደለኝ በአንድ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ጠረጴዛችን ፊት ሰው ተሰብስቦ ነበር። ዳዊት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ታጥቦ ያስረዳል። "ይህን ቅርጽ የቀረጽኩት እኔ ነኝ" ሲል ሰማሁት። ከጎኑ ቆሜያለሁ፣ አንገቴ ላይ ባጅ አንጠልጥዬ። አንድ ሽማግሌ ወደኔ ዞረው "እርስዎስ?" አሉኝ። አፌን ሳልከፍት ዳዊት "እትዬ ሮማን የቤታችን እናት ናት" አላቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው የጨረሱትን የሻይ ስኒ ሰጡኝ።

ስኒውን ይዤ ቆምኩ። የት እንደማስቀምጠው አላውቅም ነበር።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጠየቅኩት። "ለምን እንዲህ አልክ?"

"እትዬ፣ ደንበኛ አንድ ፊት ነው የሚፈልገው። እኔ ስል እኛ ማለቴ ነው።"

"እኛ ማለትህ ከሆነ እኛ በል።"

"በሚቀጥለው" አለ።

"በሚቀጥለው" የምትለዋ ቃል ከአፉ አትጠፋም ነበር። ደመወዝ ሲዘገይ በሚቀጥለው። ወንበር ሲሰበር በሚቀጥለው። በፈገግታ ነው የሚላት፤ ሰው የተሰጠው እንጂ የተከለከለ አይመስለውም። እኔም ያን ቀን የተሰጠኝ መሰለኝ።

በዚያ ኤግዚቢሽን ላይ ለደንበኞች ሁሉ ቅጂው ሻይ ሳይበርድ እንደሚያልቅ ቃል ገብቷል። ከዚያ ፈረቃው ጠነከረ። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ በአብዛኞቹ ደንበኞች ዘንድ ያረጀ ስለነበር መብራቱና ማሽኑ እኩል ይሄዳሉ። ጀማል በደረሰበት ሁሉ ጥርጣሬ ተነስቶ ይጠብቀዋል፤ በደረሰበት ሁሉ ሙሉ ቅጂ ይጀምራል። ደንበኞች ስልክ እየደወሉ መጮህ ጀመሩ።

መፍትሔ ነበረኝ። ነጠብጣቡን በሜሞሪ ማቆየት ይቅርና ቁራጩ ላይ ከመጻፉ በፊት ነጠብጣቡ ፋይሉ ውስጥ ይጥቆር። መጀመሪያ ነጠብጣብ፣ ከዚያ ጽሑፍ። ያኔ መብራት የትም ላይ ቢሄድ፣ ነጠብጣቡ ቢሳሳት ያልተለወጠውን ተለወጠ ይላል እንጂ የተለወጠውን አልተለወጠም አይልም። ጀምሬው ነበር። ማሽኑን ስለሚያዘገየው ማቅለል ይቀረኝ ነበር።

"መቼ ያልቃል?" አለኝ ዳዊት።

"ሐምሌ ላይ።"

"እስከ ሐምሌ የሚቆየኝ ደንበኛ የለም።" ከዚያ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። የሰፈሮች የመብራት ፈረቃ ነው፤ በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት። "ይኸው። ፈረቃው ይታወቃል። ማሽኖቹ ከፈረቃው ቀደም ብለው ራሳቸውን በሥርዓት እንዲዘጉ እናደርጋለን። በድንገት የሚሄድ መብራት ከሌለ ጥርጣሬ ምን ይሠራል?"

ወረቀቱን አየሁት። "መብራት በወጣለት ፈረቃ ሄዶ ያውቃል?"

"ይስተካከላል ተብሏል።"

"ማን አለ?"

"ተብሏል አልኩሽ።"

"ትናንት የኛ ሰፈር ፈረቃ አልነበረም" አለ ጀማል ከወዲያ። "እራታችንን የበላነው ግን በዳበሳ ነው።"

"አንተም እትዬ ሮማን ሆንክ?" ብሎ ሳቀበት ዳዊት። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ጥርጣሬን አውጪልኝ።"

"እኔ አላወጣውም።"

ተነሺ እንኳ አላለኝም። ወንበሬን ከነመደገፊያው ያዘና ጠበቀ፤ ተነሳሁ። ተቀመጠ። እኔና ጀማል ከጀርባው ቆመን እያየነው ጥርጣሬ መነሳት አለመነሳቱን የሚያየውን መስመር ፈለገና ሰረዘው። አንዲት መስመር ናት። ምልክቱ እንደ ወትሮው ይነሳል ይወርዳል፤ የሚያየው ግን የለም። ዳዊት ተነስቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "በሚቀጥለው እንመልሰዋለን" አለ። የመዳፉ ሰማያዊ ቀለም ሸሚዜ ላይ ቀረ፤ አጥቤ አጥቤ አልለቀቀልኝም።

ቅጂው ፈጠነ። ደንበኞች ዝም አሉ። ጀማል ፀሐይ ሳትጠልቅ ከእንጦጦ መውረድ ጀመረ። እኔ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር አነሳሁት፤ ባነሳሁ ቁጥር "በሚቀጥለው" ተባልኩ። አንድ ቀን ሰብሰብ ብለን ሳለ ገና አፌን ስከፍት ዳዊት ቀድሞኝ በኔ ድምፅ "ጥርጣሬስ?" አለ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ማንሳቱን አልተውኩም፤ መሳቃቸውንም አልተዉም።

ሰኔ ላይ ከደንበኞቻችን የአንዱ ክሊኒክ ማሽን ተቃጠለ። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ በኃይል ነው የመጣው። ጀማል ሌላ ማሽን ይዞ ሄደ፤ ቅጂው ከእንጦጦ ወረደ፤ ዳዊትና እኔም ተከተልን። ፋይሉን ከፈትነው፣ ተከፈተ። የበሽተኞች ስም አንድ በአንድ ወረደ። ዳዊት አጨበጨበ።

"አየሽ?" አለኝ። "አየሽ፣ እትዬ?"

የካርድ ክፍሉን የምትመራው ሲስተር ሰላም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጥቂት ካነበበች በኋላ ወደ በሩ ቀና አለች። የክሊኒኩ ዘበኛ ጋሽ በቀለ በሩን ተደግፈው ያያሉ።

"ጋሽ በቀለ፣ እርጉዝ ነዎት እንዴ?"

"ምን አልሽ አንቺ ልጅ?"

"የላብራቶሪ ውጤትዎ ነዋ እንዲህ የሚለው።"

"እንግዲህ እሱ ካለ ምን ይደረጋል" አሉ ጋሽ በቀለ ሆዳቸውን እየዳበሱ። "ለባለቤቴ ግን አንቺ ንገሪልኝ።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዳዊት ከሁሉም በላይ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሲስተር ሰላምም ሳቋን ቶሎ አቆመች። ሌላ ካርድ ከፈተች። ሌላም ከፈተች።

"ይቺ ልጅ ስኳር የለባትም" አለች። "ባለፈው ሳምንት እኔ ራሴ ነኝ የመዘገብኳት። ይሄ የሷ አይደለም። የማን እንደሆነም አላውቅም።"

የሆነው ግልጽ ነው። መብራቱ ከፈረቃው ውጭ በሄደባቸው ቀናት የተጻፉት ቁራጮች ነጠብጣባቸው ስላልጠቆረ አልተቀዱም። የስም ዝርዝሩ የሰኔ ነው፣ ውጤቱ የግንቦት ነው፣ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ካርድ መስለዋል። ቅጂው በየቀኑ በቀድሞው ላይ ስለሚጻፍ የምንመለስበት ሌላ ቅጂ አልነበረም። ጭራሹን ቢጠፋ ይሻል ነበር፤ የጠፋ ነገር ሰው ይፈልገዋል። ይህ ግን ይከፈታል፣ ይነበባል፣ አንድ ሐኪም አይቶት መድኃኒት ያዝበታል።

በማግስቱ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ከሲስተር ሰላም ጋር ቢሯችን መጣ። ከመግባታቸው በፊት ዳዊት ደረጃው ላይ አስቆመኝ።

"እትዬ፣ ዛሬ አንቺ አትናገሪ። እኔ እይዘዋለሁ።"

"ምን ልትል ነው?"

"እውነቱን ነዋ።"

አመንኩት። ጥርጣሬዬን ፋይል ውስጥ ሁሉ ስከት የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን ደረጃው ላይ አመንኩት።

ዶክተሩ አልተቀመጠም። "ማነው ይህን የሠራው?" አለ።

ዳዊት ጣቶቹን አጮኸ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። አቆመ።

"ቅርጹን የሠራችው ወይዘሮ ሮማን ናት" አለ። ወይዘሮ ብሎኝ አያውቅም። "እኔ ድርጅቱን ነው የምመራው፤ ዝርዝሩን ለሷ ትቼላት ነበር። ጎበዝ ነበረች፤ ግን የመጣችው ከድሮው ማሽን ነው፣ ይሄ ደግሞ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው። ዕድሜም አለ፤ የሚያመልጥ ነገር ይኖራል። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራው ትነሳለች።"

"ምልክቱን ማን ሰረዘው?" አልኩ።

"እትዬ..."

"ማን ሰረዘው ዳዊት?"

"ይህ የቤታችን የውስጥ ጉዳይ ነው" አለ ለዶክተሩ፣ ወደኔ ሳይዞር።

"ጀማል፣ ተናገር። አብረኸኝ ቆመህ አይተሃል።"

ጀማል የቦርሳውን ዚፕ ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። "እኔ የማውቀው ዲስክ ማመላለስ ነው" አለ።

ዶክተሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "እማማ" አለኝ፣ "የሰው ሕይወት እኮ ነው።"

እማማ! የተናደደበት ነገር እንዳይፈጠር ወራት ሙሉ የጮህኩት እኔ ነኝ። ሲስተር ሰላም ብቻ ዝቅ ብላ "ስለ ምልክቱ ምንድነው ያሉት?" ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት ስል ከታች ላሜራ መቀጥቀጥ ጀመሩ። ዳዊት ሄዶ መስኮቱን በመዝጋት ፈንታ ለእንግዶቹ በሩን ከፈተላቸው።

ጀማል ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። "እትዬ፣ ልጆች አሉኝ" አለ።

"አውቃለሁ። ስማቸውንም አውቃለሁ" አልኩትና ወረድኩ።

ሰዎች ሰውየው ፈርቶ ነው፣ ደንበኛ ማጣት፣ የድርጅቱ መፍረስ አስፈርቶት ነው ይሉኛል። ይሁን። እኔም ያን ጊዜ የሚያስፈራኝ ነገር ነበረኝ፤ በማንም ላይ አላላከክኩትም። የሚያንገበግበኝ መዋሸቱ ብቻ አይደለም። ያ ቅርጽ ሲመሰገን የሱ ነበር፤ ሲበላሽ የኔ ሆነ። ስሜ ከሥራዬ ጋር በሰው ፊት የተጠራው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ሥራዬ የተዋረደበት ቀን ነው። የተዋረደውም እኔ በሠራሁት አይደለም፣ እሱ ከሠራሁት ላይ በቀነሰው ነው።

ቢያንስ አሁን መስመሯን ይመልሳል ብዬ ጠበቅኩ። በሳምንቱ ጀማል እኛ ሰፈር ድረስ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው፤ በሩ ላይ አቆምኩት።

"መለሰው?" አልኩት።

"ምኑን?"

"ታውቀዋለህ።"

አንገቱን ደፋ። "አልመለሰም። ከመለሰው ሁሉም ቦታ ሙሉ ቅጂ ልንጀምር ነው። ሙሉ ቅጂ ከጀመርን ደግሞ ደንበኛ ለምን ይላል። ለምን ካለ..."

"ለምን ካለ ያኔ የሰረዘው እሱ መሆኑ ይታወቃል።"

"እኔ አላልኩም" አለ ጀማል።

"አንተማ መቼ ብለህ ታውቃለህ።" በሩን ዘጋሁ።

ስለዚህ የሌሎቹ ደንበኞች ፋይሎች ሁሉ እንደዚያው ነበሩ። ስማቸውን አንድ በአንድ አውቃለሁ፤ ፋይሎቻቸውን ከፍቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዳዊት ለስሙ ሲል አይነካቸውም። እኔ ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ ባለቤትነቱን የተነጠቅኩት ሥራ እንዲበላሽ ብተወው ደግሞ አንድ ቀን በዳዊት ራስ ላይ ይፈርሳል። ይህን አሰብኩት። አላሰብኩም አልልም።

በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ቆመው ተቀበሉኝ።

"ይቅርታ፣ እርስዎ ከሥራ የተነሱት ሴትዮ አይደሉም?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ኢንጂነሩን ትተን እርስዎን የምናምንበት ምክንያት ምንድነው?"

"ቅርጹን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "የሠራው ሌላ ሰው ነው ተብላችሁ ከሆነ ተዋሽታችኋል። ስለሠራሁት አውቀዋለሁ። አሁን እንዳለ አትመኑት። ዛሬውኑ ሙሉ ቅጂ ውሰዱ፤ ነገም ሙሉ ቅጂ ውሰዱ፤ በነጠብጣቡ አትቅዱ።"

የቀሩትንም ዞርኩ። ወሰን፣ ኮተቤ፣ መገናኛ፣ ፈረንሳይ ሰፈር፤ ዝናብ ነበር። ለሁሉም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አንዳንዱ ሰማኝ። አንዳንዱ የተባረረች ሴት ቂም ነው ብሎ ሸኘኝ። ቂምም ነበር፤ ልክም ነበር። ካርድ ክፍል ሄጄ ለሲስተር ሰላምም ነገርኳት፤ ጨርሳ ሰማችኝ፤ ወረቀት ላይ የቀረውን ውጤት ወደ ማሽኑ ለመመለስ እስከ መስከረም አብሬያት ተቀመጥኩ።

የሰሙኝ ደንበኞች ውላቸውን አቋረጡ። ድርጅቱ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ዳዊት ሁለት ጊዜ ደወለልኝ። ስሙን አየሁት፤ አላነሳሁም።